ዋስ ለምዕራፍ ሦስት

ጥር 8 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ አቃቂ

የጠዋት ቆጠራ፦ ከባቡር የወረደ ጨው አሥራ አንድ ጆንያ፣ አንዱ ረጥቧል። ገብስ አራት ኩንታል፣ ጤፍ የለም። በጥናት ማኅበሩ ሣጥን 160 ብር። ለአቶ ቀናው ወደ ድሬዳዋ የጻፍሁትን ደብዳቤ እዚህ ገልብጫለሁ። ከሱቄ ዕቃም ሆነ ቃል ማስታወሻ ሳይቀርለት አይወጣም። መልስ ሲመጣ ከሥሩ እለጥፋለሁ።

ይድረስ ለአበልጄ ለአቶ ቀናው፤

ጤናዎን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ወይዘሮ ብዙወርቅንም እንዲሁ። የክርስትና ልጅዎ አስቴር ደህና ናት፤ ቁመቷ ከባንኮኒው በልጧል። ጥምቀት ስለ ደረሰ ገበያው ደርቷል፣ ስለዚህ ባጭሩ እጽፋለሁ።

የጠየቁኝን ከመጨረሻው ልጀምር። አይታተምም። ስለ አቃቂ የጻፋችሁት መጽሐፍ ባለን ገንዘብ አይታተምም።

ምድር ባቡር ወደ ድሬዳዋ ሳያዛውርዎ ማኅበሩን ስታቋቁሙ ስልሳ ሦስት አባላት ነበራችሁ፤ ሁሉም በወር አንድ ብር ይከፍል ነበር። ዘንድሮ የሚከፍሉት አርባ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ገንዘብ ያዥ ለማኅበሩ ምርቃት በዓል ጠጅ ያወጣው ለወረቀት ካወጣው ይበልጣል። ባለመስታወት ቁም ሣጥንም ገዝቷል፤ ውስጡ የሚቀመጥ መጽሐፍ ግን አልገዛም። ወቀሳ አይደለም። ሥራውን ስረከብ ያገኘሁት ይህን ነው።

ማተሚያ ቤቱ ለመጽሐፉ 950 ብር ይጠይቃል። 200 ቀብድ ሰጥተናል። በቀብዱ ምዕራፍ አንድና ሁለት ከእርሳስ በተቀረጸ የማተሚያ ፊደል ተለቅመው፣ ገጽ በገጽ በሲባጎ ታስረው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ቀሪውን እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልከፈልን ባለቤቱ ፊደሉን ይበትነዋል፤ እርሳሱን ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል። አልፈርድበትም። እኔም ያልተከፈለበትን ጨው ዓመት ሙሉ መጋዘን አላስቀምጥም።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የገበያችን እቁብ በየካቲት ይጀምራል። ስልሳ ሰው፣ በየእሑዱ አሥር ብር፤ ዕጣ የወጣለት 600 ብር ይወስዳል። የአባላቱ መዋጮ ለሳምንቱ አሥር ብር ይበቃል። ማኅበሩ እንደ አንድ ሰው ይግባ። ዕጣው ቶሎ ከወጣ በሣጥኑ ካለው ጋር ተደምሮ መጽሐፉን ያሳትማል። ቢዘገይም ጠጅ አይጠጣበትም።

አንድ ችግር አለ። ዕጣ የወጣለት ሰው የቀረውን እየከፈለ እንደሚጨርስ ዋስ ይጠራል። እኔ የእቁቡ ጸሐፊ ስለሆንሁ ዋስ መሆን አልችልም፤ አባልም ለአባል ዋስ አይሆንም። ከእቁቡ ውጭ የሆነ፣ ንብረት ያለው ሰው ያስፈልገናል።

በደንባችን ከማኅበሩ ሣጥን ያለ ሁለታችን፣ ያለ ሊቀ መንበሩና ያለ ገንዘብ ያዧ፣ ፊርማ ገንዘብ አይወጣምና ከተስማሙ ፈርመው ይላኩልኝ።

ምዕራፍ ሦስትን የሚጽፍልን ኦቦ ዱሬሳ ሰላም ብሎዎታል። በየመንደሩ ዞሮ የማሳዎቹን ስም፣ እያንዳንዱንም ማሳ ከአባት ወደ ልጅ ማን ሲያርሰው እንደ ኖረ ጽፎ ጨርሷል። ምዕራፍ ሦስት ሙሉ ሆኗል ማለት ነው፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

አበልጅዎ መሰለች

ድሬዳዋ፣ ጥር 24 ቀን 1959

ውድ አበልጄ መሰለች፤

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ጽሕፈቴም እንዲሁ፤ የዚህ አገር ሙቀት ብዕሩን ሳይቀር ያላብሳል።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ተቆጣሁ። የጥናት ማኅበር ከጨውና ከበርበሬ ነጋዴ ጋር እቁብ ሲጥል በዓለም ላይ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም። ብዙወርቅ ግን ሳቀች። «መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ገንዘቡ ጨው ጨው ይላል ብሎ የሚመልሰው አለ?» አለችኝ። ስለዚህ ፈርሜያለሁ።

የወንዙን፣ የኮረብታውን፣ የጥንቱን ሰፈር ስም ለመሰብሰብ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ምዕራፍ አንድና ሁለት የእኔ ዕድሜ ናቸው። ከነገሩኝ ሽማግሎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። መጽሐፉን ታትሞ ሳላይ እንዳልቀር እርጂኝ።

ስለ ዋሱ አትጨነቂ። ለእኔ ተዪው። እኔም አቃቂ ላይ የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ።

ቀናው

መጋቢት 18 ቀን 1959፣ አቃቂ

የጠዋት ቆጠራ፦ ጾሙ ስለ ገባ የሽሮ እህል አልቋል። ምስር ግማሽ ኩንታል። ጨው ስድስት ጆንያ። የሣጥኑ አልተነካም።

ይድረስ ለአበልጄ፤

የጾሙን ወራት በጤና ያስፈጽምዎ። ለጠየቁኝ መልሱ፦ አዎ፣ ወጥቷል። ትናንት በሰባተኛው እሑድ የእኛ ዕጣ ወጣ።

የእቁቡ ዳኛ አቶ አያና ብጣሹን ወረቀት ዘርግቶ አነበበና ቀና አለ። «ማኅበር ይላል። ማኅበር ማን ነው?»

«የጥናት ማኅበሩ ነው» አልሁት።

«ሰው ነው? ሚስት አለው? ቢክደኝ የማንን እጅ ይዤ ፍርድ ቤት አቆማለሁ?»

ጀቤሳ ባለጋሪው ከወዲያ «ቁም ሣጥኑን ታቆማለህ! መስታወት አለው፣ ሲዋሽ ፊቱን ታያለህ» አለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አያና ግን ስቆ ሲያበቃ 600 ብሩን ወደ ኪሱ መለሰ። «ሳቁ ሳቅ ነው፤ ዋስ አምጪ» አለኝ። ልክ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ስከፍት የባለመሬቱ የግራዝማች አምባው ምስለኔ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ማኅተም ያረፈበት የዋስትና ወረቀት ሰጠኝ። «ጌታዬ በአቶ ቀናው ደብዳቤ መሠረት ዋስ ሆነዋል» አለና ሄደ።

አበልጄ፣ ነጋዴ ያልለመነው ቸርነት ሲመጣለት ጆንያውን ገልብጦ ከታች ያለውን ያያል። ድሬዳዋ ድረስ አልተሰማ እንደሆነ ልንገርዎ። ግራዝማች ከኦቦ ዱሬሳ መንደር ሰዎች ጋር የመሬት ክርክር ገጥመዋል። መሬቱ ባዶ ነበር፣ ገበሬዎቹን ያሰፈርኋቸው እኔ ነኝ ይላሉ። ቀጠሮው ሰኔ 9 ነው። የእኛ ምዕራፍ ሦስት ደግሞ በዚያ ማሳ ላይ ያረሱትን ሰዎች እስከ ቅድመ አያት ድረስ በስም ይጠራል።

ምን ብለው ጻፉላቸው? ከደብዳቤው ጋርስ የላኩላቸው ነገር አለ? መልስዎ እስኪደርሰኝ ወረቀቱን ለዳኛው አልሰጥም።

መሰለች

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 27 ቀን 1959

አበልጄ፤

ብዙወርቅ ለብቻዋ ስለ እጄ ሕመም የጻፈችልሽን እውነት ብለሽ አትያዢው። ሴት ታጋንናለች። ደህና ነኝ።

የመጽሐፉን ረቂቅ ልኬላቸዋለሁ። ሰው ዋስ ሲሆን ለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት ብዬ ነው። በእኛ ዘንድ ጽሑፍን ከመታተሙ በፊት ለታላቅ ሰው ማስነበብ ወግ ነው፤ የተማርሁት እንዲህ ነው። ግራዝማችም ሁልጊዜ አክብረውኛል። የክርክሩን ነገር አልሰማሁም ነበር።

ቀጥለሽ የምትጠይቂኝን አውቃለሁ። አዎ፣ ሙሉውን ነው የላክሁት። ምዕራፍ ሦስትንም ጭምር።

ምናልባት እስከዚያ ድረስ አያነቡት ይሆናል።

ቀናው

ሚያዝያ 9 ቀን 1959፣ አቃቂ

የጠዋት ቆጠራ፦ ጨው ዘጠኝ ጆንያ። ምስር የለም። ዘይት ሁለት ቆርቆሮ።

ይድረስ ለአበልጄ፤

አንብበውታል።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራዝማች ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጡ። በርጩማ አቀረብሁላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አንቺ ነሽ መሰለች? ነጋዴ ነሽ አሉ። እንግዲያው እንግባባለን» አሉኝ። «መጽሐፉ መልካም ነው። ስለ ወንዙ ያለው፣ ስለ ጥንቱ ሰፈር ያለው ደስ አሰኝቶኛል። ሦስተኛው ግን ምን ይሠራል? የማሳ ስም፣ የገበሬ ስም። ማን ያነበዋል?»

«ማንም የማያነበው ከሆነ ቢኖር ምን ይጎዳል ጌታዬ?»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ሰኔ ላይ የሚያነቡት ዳኞች አሉ» አሉ። ባለመደበቃቸው አከበርኋቸው። «ምዕራፉ ይቅር። እቁብም አያስፈልጋችሁም፤ የማተሚያውን ቀሪ 750 ብር እኔ እከፍላለሁ። ለአቶ ቀናውም ስም ይሆናል። እምቢ ካልሽ ግን ዋስትናዬን አነሣለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ሌላ ዋስ ስታገኚ አያለሁ።»

«ሊቀ መንበራችን ድሬዳዋ ናቸው፤ ልጠይቅ» አልኋቸው። «ጠይቂ። እርሱ የተማረ ሰው ነው፣ ይገባዋል» ብለው ሄዱ።

ለኦቦ ዱሬሳ አልደበቅሁትም። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። «ሰባት መቶ ሃምሳ ብር!» አለ። «እኔ እኮ በነፃ ነው የጻፍሁት። ዋጋው ይህን ያህል መሆኑን ባውቅ ሁለት እጽፍ ነበር።» ሳቅሁ፤ እርሱም ሳቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሣና የልጁ ሚስት ዳሲቱ ከምታርሰው ማሳ ትናንት አንድ ሰው ችካል ሲተክል ማየቱን ነገረኝ። ይህን ሲል አልሳቀም። ወጣ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ግራዝማችን ከተቀበልን መጽሐፉ ለሰኔ ይደርሳል፣ የእርስዎ ሁለት ምዕራፎች ይወጣሉ፣ እዳም የለብንም። ካልተቀበልን ዋስ የለንም፤ ዋስ ከሌለን 600 ብሩ አይሰጠንም፤ ፊደሉም በግንቦት መጨረሻ ይበተናል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሸጬም ገዝቼም አላውቅምና ብቻዬን አልወስንም። ይቀበሉ ወይም አይቀበሉ፣ በግልጽ ይጻፉልኝ።

መሰለች

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1959

አበልጄ፤

ተቀበዪ።

ምዕራፍ ሦስት በሁለተኛው ቅጽ ይወጣል። ጊዜው ሲረጋጋ፣ ማኅበሩ ሲጠነክር። ጨርሶ መቅረት አይደለም፣ መቆየት ነው። ሌሎች ማኅበራትም እንዲህ ያደርጋሉ።

ይህን ስጽፍ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ግን ሌላ መጽሐፍ የምጠብቅበት ጊዜ ያለኝ አይመስለኝም። ሐኪሙ ያለውን ብዙወርቅ ነግራሻለች መሰለኝ፤ ስለዚህ እኔ አልደግመውም።

ለኦቦ ዱሬሳ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አልችልም።

ቀናው

ግንቦት 7 ቀን 1959፣ አቃቂ

የጠዋት ቆጠራ፦ ከፋሲካ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል። ጨው አሥር ጆንያ። ሣጥኑ 220 ብር።

ይድረስ ለአበልጄ ለአቶ ቀናው፤

ዘግይቼ ቢሆንም እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ሥራ ይዞኝ አይደለም። ምን እንደምጽፍልዎ ሳላውቅ ነው።

ለኦቦ ዱሬሳ ነገርሁት። የግራዝማችን ገንዘብ ግን አልተቀበልሁም። ምክንያቴን ላስረዳ።

በእቁባችን ሕግ ዋስ የማይጠየቅ አንድ ሰው አለ። በመጨረሻው እሑድ የሚወስደው ነው። የሁሉንም ሳምንት ከፍሎ ስለሚጨርስ የሚክደው ነገር የለም። ጀቤሳ ባለጋሪው ፈረሱ ሞቶበት ገንዘብ አጥብቆ ይፈልጋል፤ ዋስም አለው፣ ወንድሙ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ የራሱም ቤት አለው። ትናንት ዳኛው ፊት ተዋዋልን። የወጣልንን ዕጣ ለእርሱ ለቀቅንለት፤ እኛ በመጨረሻው እሑድ እንወስዳለን። ስለ ለቀቅንለት ጀቤሳ 60 ብር ከፈለ። አያና «ማኅበሩ ከሰው ይልቅ ብልህ ነው» አለ። ገንዘብ ወደ ሣጥኑ ገባ እንጂ አልወጣምና ፊርማዎን አልጠበቅሁም።

የግራዝማችን ወረቀት እንደ ታጠፈ ለምስለኔው መለስሁለት። «ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ጨው ከፈለጉ አለ በልልኝ» አልሁት።

አሁን ወደሚከብደው። የመጨረሻው እሑድ በመጪው ዓመት መጋቢት ነው። 600 ብሩ ያን ጊዜ ይመጣል። ዛሬ በእጃችን ያለው 220 ብር ነው። ማተሚያ ቤቱን ጠየቅሁ። በ220 ብር ምዕራፍ ሦስትን ብቻ ለብቻው አርባ ስምንት ገጽ አድርጎ፣ ሦስት መቶ ቅጂ ከሰኔ ቀጠሮ በፊት ያደርስልናል። ግን የእርሳስ ፊደሉ ለሁሉም አይበቃም። ሦስተኛው እንዲለቀም አንደኛውና ሁለተኛው አሁኑኑ መበተን አለባቸው። ቀብዳችንም አብሮ ይሄዳል። መጋቢት ላይ እንደ አዲስ እናስለቅማቸዋለን።

ወይዘሮ ብዙወርቅ የጻፉልኝን አንብቤያለሁ። ምን እንደምለምንዎ አውቄ ነው የምለምንዎ። መጋቢት ሩቅ ነው።

ከሣጥኑ ለማውጣት ፊርማዎ ያስፈልጋል። ቢከለክሉኝ አልቀየምዎትም፤ አበልጅነታችንም አይነካም።

ኦቦ ዱሬሳ ዛሬ ጠዋት በሦስተኛ ማዕረግ ወደ እናንተ ተሳፍሯል። እኔ አልላክሁትም። ምን ሊልዎ እንደሆነም አልነገረኝም።

መሰለች

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 13 ቀን 1959

አበልጄ መሰለች፤

የምጽፈው እኔ ብዙወርቅ ነኝ፤ የሚናገረው እርሱ ነው። እንዳለው እጽፋለሁ።

ኦቦ ዱሬሳ ደረሰ። ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል ሳያነሣ ሁለት ቀን ሰነበተ። ስለ ሙቀቱ ተናገረ፣ ስለ ግመሎቹ ተናገረ፣ «እዚህ አገር ላም ምን ትበላለች?» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና «አንብብልኝ» አለኝ።

ምዕራፍ አንድን አነበብሁለት። ሲደክመኝ ብዙወርቅ ተቀበለችኝ፤ ሁለተኛውን እርሷ ጨረሰችው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ ሲያልቅ። «አቶ ቀናው፣ በእውነት ጥሩ ነው። ግን እዚህ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሞተዋል። እነርሱ አይቸኩሉም።»

ተናደድሁ። «እኔስ? እኔ እቸኩላለሁ!» አልሁት።

እጄን ያዘው። የታመመውን። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ፤ ለአንቺም ቢሆን አልነግርሽም።

ፊርማዬ ከታች አለ። የእኔ ለመሆኑ ብዙወርቅ በምስክርነት ፈርማለች። በመግቢያው ላይ የእኔ ስም አይግባ። የሰበሰበው ዱሬሳ ነው፣ የእርሱ ስም ይታተምበት፤ ደስ ካለው።

ለግራዝማች ስለ ጻፍሁት ደብዳቤ ማንም ቢጠይቅሽ የእኔ ጥፋት መሆኑን ንገሪ። አንቺ ላይ እንዳይለጠፍ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ፊደሉ ከመበተኑ በፊት ቀለም አስቀብተሽ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ምዕራፍ አንድ ቅጂ ብቻ አስነሺልኝ። ጥራዝ አያስፈልገውም። ወረቀቱ ተራ ቢሆንም ግድ የለም። ታትሞ እንዴት እንደሚመስል ላየው ነው።

ቀናው

(ምስክር፦ ብዙወርቅ)

ግንቦት 16 ቀን 1959፣ አቃቂ

የጠዋት ቆጠራ፦ ጨው አሥር ጆንያ፣ አልተነካም። ከግራዝማች ግቢ ይመጡ የነበሩት ገዢዎች ከቀሩ ሰነበቱ፤ ምስለኔው ትናንት በሱቄ ፊት ሲያልፍ ሰላም አላለኝም። አስቴር «እማዬ፣ ምን አደረግሻቸው?» አለችኝ። «ወረቀታቸውን መለስሁላቸው» አልኋት።

ኦቦ ዱሬሳ በማታው ባቡር ተመልሷል። ስሙ መጽሐፉ ላይ ይታተም እንደሆነ ጠየቅሁት። «የእኔስ ይታተም» አለ። «ግን ከዳሲቱ ማሳ በታች እንዳይሆን። እኔ ዘመድ ነኝ፣ አድልቶ ጻፈ ይሉኛል። መጨረሻ ላይ አድርጉት።» ድሬዳዋ ላይ ለአቶ ቀናው ምን እንዳለው አልጠየቅሁትም።

የአቶ ቀናውን ፊርማ ከደንቡ ጋር አያይዤ የእኔን ከጎኑ አኖርሁ። የእርሱ መስመሩን ለቆ ወርዷል፤ ይነበባል።

ነገ፦ በመጀመሪያው ባቡር ወደ ከተማ፣ ማተሚያ ቤት። 220 ብር መክፈል፣ ደረሰኝ መቀበል። የምዕራፍ አንድና የሁለት አንድ ቅጂ እስኪነሣ ቆሜ መጠበቅ፤ የወረቀቱና የቀለሙ ዋጋ ከኪሴ። ቅጂው ሲደርቅ ጠቅልዬ ለድሬዳዋው ባቡር መስጠት። ከዚያ ተመልሼ ፊደሉን በትኑ ማለት።